የሰማንያ ቀን ሰሊጥ

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። እዚህ ቆላው ኮኪት ውስጥ ጥሩአየሁን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቀኝም ሁሉ በምላሴ ነው። ባለቤቴ ያረጋል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «እሷን ያገባሁ ዕለት ባትሪ ድንጋይ የማይፈልግ ሬድዮ ቤቴ ገባ» እያለ ሰው ያስቅብኝ ነበር። ታዲያ በዕድሜዬ ሙሉ አንድ ክረምት ብቻ አፌን ዘጋሁ። ልጄን ያሳጣኝ ያ ክረምት ነው።

የትናየት የምትባለው ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዕፅዋት ሳይንስ ተማረች። ስትመረቅ ጥቁር ካባ ለብሳ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ከሥላሴ ሥዕል ጎን ሰቀልኩት። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ እልል አለልኝ። ከዚያስ? ከዚያማ ቁጭ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ጎንደር ወጣች፣ ተፈተነች፣ «እንጠራሻለን» ተባለች፣ የሚጠራት ጠፋ። ስብሰባ ላይ «ዕውቀት ሀብት ነው፣ አገር የሚያድገው በዕውቀት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ቤት ሀብቱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሳትነግረኝ ደላላ አነጋግራ ፓስፖርት አወጣች። ዐረብ አገር ልሂድ አለች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጡት እነስርጉት ሄደው ለእናቶቻቸው ቤት ሠርተዋል፣ ወረቀት ታቅፌ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አለች። የሰው ዕቃ ማጠቡንማ እዚሁ እኔው አስተምርሽ ነበር፣ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው አልኳት። ምላሴ ነው፣ ምን ላድርገው። አለቀሰች። እኔም ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

በዚህ መሐል ነው ሰሎሞን የመጣ። በሰሊጥ ላይ የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ልኮት በየቀበሌው እየዞረ ገበሬ የሚያሠለጥን ወጣት ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ሞተር ሳይክሉን እንኳ ከግቢ ውጭ አጥፍቶ፣ እየገፋ ነው የሚገባ። አዲስ ዘር ከነአዘራሩ መመሪያ ወረቀት ይዞ መጣ። የኛ ሰሊጥ መቶ አሥር ቀን ይፈጃል፤ ይህኛው በሰማንያ ቀን ይደርሳል፣ ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ እንኳ አይጎዳም፣ ምርቱም ከኛው እጥፍ ነው አለ። እንደ ደንቡ በመስመር ዘርቶ፣ እየለካ፣ እየመዘገበ የሚያሳድግ የተማረ ሰው ይፈልግ ነበር። የትናየት እግሬ ላይ ወደቀች። የአባቷን ስምንት ሄክታር ሁሉንም ለዚህ ዘር ስጪኝ አለች። ነገሩ ከሰመረ የኮኪት ገበሬዎች ማኅበር፣ ስልሳ አባወራ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን ከእሷ ሊወስድ፣ እሷንም ባለሙያው አድርጎ ሊቀጥራት ተስማምቷል። ቃለ ጉባዔ ተይዟል።

«ከሰጠ እቀራለሁ» አለችኝ። «ካልሰጠ ግን፣ እማዬ፣ አታስቀሪኝም።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ መቅረቷም መሄዷም በሰሊጥ አገዳ ላይ ተንጠለጠለ።

አሁን የማወራው ጥፋቴን ነው። በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ሰው ተሰብስቦ የትናየት ስለ አዲሱ ዘር ታስረዳለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ጥሩ ትናገራለች። ሰሊጡ እንደ ድሮው በብተና አይዘራም፣ በገመድ ተለክቶ በመስመር ነው አለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አላስቻለኝም። «ሰሊጥ በመስመር? ምን፣ ሰልፍ ልታስወጪው ነው?» አልኩ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ጎረቤታችን አያ እንግዳው፣ ጀላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ባንዲራም ይያዝለት እንጂ» ብለው ጨመሩበት። የትናየት ወረቀቷን አጠፈችና ተቀመጠች።

ቤት ስንገባ ልብሷን ሳትቀይር ፊቴ ቆመች። «እማዬ፣ ሁለተኛ ሰው ፊት እንዳታርሚኝ። ይህን ክረምት ብቻ ዝም በይልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

በገብርኤል ማልኩላት። ለሰኔ ሚካኤል ዘራች። እኔም አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ከዳር ሆኜ አየሁ። ገመድ ወጥራ መስመር አወጣችለት፤ እህሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ምዕመን በየተራው ቆሞ በቀለ። ሰሊጥ እንዲህ ሆኖ ሲበቅል በዕድሜዬ አላየሁም። አረም ሲመጣ አራሚው በመስመሩ መሐል እየተራመደ ቡቃያ ሳይረግጥ ይሠራል። የሣቅሁበት ነገር ልክ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ለራሴ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀቱ የሚያውቀውን አንቺ አታውቂም፣ አርፈሽ ተቀመጪ አልኩ። መሐላዬም ጠበቀብኝ።

ፍልሰታ የገባ ዕለት ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ በማሳው በኩል አቋረጥኩ። ቆምኩ። ሰሊጡ አበባውን ጨርሶ ፍሬ ቋጥሯል። እንግዲህ እኔ እንደነሱ በቀን ቁጥር አላውቅም፤ የኔ መቁጠሪያ በዓል ነው። የኛ ሰሊጥ ሰኔ ሚካኤል ይዘራል፣ ፍልሰታ ሲገባ ያብባል፣ ለእንቁጣጣሽ ፍሬው ይሞላል፣ መስቀል በዋለ በአሥረኛው ቀን ማጭድ ይገባበታል። አባቴ ከጋይንት ወርዶ ይህን ዱር ከመነጠረ ጀምሮ እንዲህ ነው። ይህኛው ግን ለፍልሰታ ፍሬ ይዟል። ይህማ አዲስ ዓመትን አይጠብቅም፤ ጳጉሜን ላይ ይደርሳል።

ጳጉሜን ላይ ደግሞ ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው በዚህ አገር የለም። አጫጆቻችን የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጋይንት ይወርዳሉ። ሐምሌን አረም አርመው ለቡሄ ወደ አገራቸው ይወጣሉ። አዲስ ዓመትን ከልጆቻቸው ጋር ውለው፣ ደመራ አብርተው፣ መስቀልን በልተው ነው ለአጨዳ የሚመለሱ። በወርቅ ብትለምነው ከመስቀል በፊት የሚወርድ የለም። ይህን ቆላ ያለ ሕፃን ያውቀዋል። ማንም ለማንም ነግሮት አያውቅም፤ የሚነገር ነገር አይደለማ።

እዚያው ቆሜ ሳስብ የኛው አራሚዎች፣ ሃያ ሁለት ናቸው፣ ከሠራተኛ ካምፑ በር ላይ ጓዛቸውን ይጠቀልላሉ። ደምለው የሚባለው የጎጃሙ ልጅ በሩቁ አይቶኝ፣ «እንደው ደህና ይክረሙ እናቴዋ፣ ለመስቀል ያገናኘን» አለኝ። ለመስቀል። አንድ ቃል ብናገር አሥሩን አስቀራቸው ነበር። «አሜን፣ በሰላም ግቡ» አልኩት።

ለምን? ዘወትር ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው። አንደኛ መሐላዬ አለ። ደግሞም፣ ይህን የሚያህል ዘር የፈጠሩ ሰዎች ማን እንደሚያጭደው ሳያስቡ አይቀሩም፣ ወረቀቱ ላይ ይኖራል አልኩ። ማሽን ሊያመጡ ይሆናል አልኩ። ያም ሆኖ በማግስቱ የትናየት ተንበርክካ የአገዳውን ቁመት ስትለካ አጠገቧ ሄድኩ። «የትናየት» አልኳት። ቀና ብላ በደስታ ዐይን አየችኝ፤ ሦስት ዓመት ያላየሁት ዐይን ነው። «ምነው እማዬ?» አለች። «ምንም። ፀሐዩ ነው፤ ራስሽን ተከናነቢ» አልኩና ተመለስኩ።

በነሐሴ መጨረሻ የመስክ ቀን ተባለና በሁለት መኪና እንግዶች መጡ። ፎቶ ተነሡ፣ ፍሬ ቆጠሩ። አንደኛው ሰውዬ በዕውቀት ስለሚመራ ግብርና ረጅም ንግግር አደረገ። የትናየት ገለጻ አደረገች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስልሳው አባወራ ቆሞ አጨበጨበላት። አያ እንግዳው እንኳ የአንዱን አገዳ ፍሬ እየዳሰሱ፣ «እንዴ፣ ይህስ ልጅ ወልዷል» አሉ። ለሁላችንም ጽሑፍ ያለበት ኮፍያ ታደለን። እኔንም አንድ ነገር ይናገሩ ብለው ጋበዙኝ። ልጄ ተናግራለች፣ እኔ ምን እጨምራለሁ አልኩ። ሰሎሞን፣ «እማማ ዛሬ ምን ነካዎት?» ብሎ ሣቀ።

ጳጉሜን አንድ ቀን የታችኞቹ ፍሬዎች ቢጫ ሆነው ጫፋቸው ተሰነጠቀ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ፍሬው ቢጫ ሲል በሳምንት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ያ ክምሩ ሂላ ይባላል። ካልታጨደ አፉን ይከፍታል፣ ከከፈተ ደግሞ ነፋስ ሲነካው ዘሩ ሁሉ መሬት ነው። የሚያጭደው ማሽን በኛ አገር የለም፤ ኮምባይነሩ ለማሽላ ነው፣ ሰሊጥ ውስጥ ቢገባ አራግፎት ይወጣል። ወረቀቱ ላይም ሌላ ነገር አልነበረም። የትናየት አሳየችኝ፤ «ቢጫ ሲሆን ወዲያው ይታጨድ» ይላል አለች። ማን እንደሚያጭደው አይልም።

በነጋታው ሸሕዲ ከተማ ሄድን፣ የቀን ሠራተኛ ከሚሰበሰብበት አደባባይ ሰው ልንቀጥር። በአጨዳ ወራት ያ አደባባይ መርገጫ የለውም፤ ዱላውን ተደግፎ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ የተቀመጠው ሰው ብዛት አውቶቡስ ያስቆማል። ያን ቀን ፍየሎች ነበሩበት። ሦስት ባጃጅ ቆሟል፣ ሹፌሮቹ ተኝተዋል። የትናየት መሐል ላይ ቆማ ዙሪያውን ታያለች። «እማዬ፣ ሰው የታለ?» ትለኛለች።  ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ሰው አገኘን፤ ደምለው ነው። ወባ ጥሎት ከጓደኞቹ ተለይቶ ቀርቷል።

የትናየት ጎንበስ ብላ ሰው ከየት እንደሚገኝ ጠየቀችው። «ኧረ እህቴዋ፣ አሁን ማን አለ?» አላት። «ሰው ሁሉ ለዓመት በዓል ቤቱ ነው። መስቀልን ሳንበላ መች ወርደን እናውቃለን?»

ቀና አለች። በጣቶቿ ቆጠረች፤ ከጳጉሜን ሁለት እስከ መስቀል። ቆጥራ ስትጨርስ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ፍየሎቹን አየሁ።

ከዚያ እኔና እሷ ማጭድ ይዘን ገባን። ደምለው ኪኒኑን እየዋጠ፣ እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ተኛ ብንለው አሻፈረኝ አለ። ሰሎሞን ጋ ተደወለ፤ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ጥሎ መጣ። ገበያ ገብቶ ማጭድ ገዝቶ፣ በከተማ ጫማው ማሳው ውስጥ ገባ። እስከ እኩለ ቀን መዳፉ ተልጦ ደም በደም ሆነ፤ መሐረብ ጠምጥሞ ቀጠለ። ስለ አጫጆቹ ለምን አላሰባችሁም ብዬ ልጮህበት ነበር፤ እጁን ሳይ ተውኩት። ደግሞ በየትኛው አፌ ነው የምጮህበት?

ወንፈል ጠራን። አያ እንግዳው መጀመሪያ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ተረቱብን፤ ግን ክፉ ሰው አይደሉም፣ በማግስቱ አራት ሰው ይዘው መጥተው ቀኑን ሙሉ አጨዱ። ሌላው ለበዓል ጠላ ይጠምቃል፣ በግ ሊገዛ ገበያ ወርዷል፣ የራሱን ማሽላ ከወፍ ይጠብቃል። የሌላው ሁሉ ሰሊጥ ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚያስቸኩለው የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይላሉ፤ ስምንት ሄክታር ለአራት ሰው ምን ይባላል? እንቁጣጣሽን ሳንሠራ ዋልን፤ በዚያን ቀን ማን ማጭድ ያነሣል? የትናየት ብቻ ማሳው ዳር ሄዳ ተቀምጣ ዋለች። ሁለት ሄክታር አጭደን ሂላ አቆምን። ስድስቱ ቀረ።

መስከረም ሦስት ቀን ከሰዓት በሱዳን በኩል ነፋስ ተነሣ። ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ነፋስ ነው። ሰሊጥ ሲረግፍ ድምፅ አለው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚጀምር ካፊያ ይመስላል፣ ስስ ነው። ስድስት ሄክታር በአንድ ጊዜ ሲረግፍ ግን ጆሮ ይሞላል። የትናየት ሸራ ይዛ በመስመሩ መሐል ሮጠች፣ አንጥፋ ልትቀበለው። ነፋሱ ሸራውን ገለበጠባት። ነጠላዬን ነጥቃኝ አነጠፈች። ከዚያ እሱንም ተወችው። ተንበርክካ የቻለችውን ያህል አገዳ በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ ያዘች፣ እንዳይወዛወዝ። ከእቅፏ ውጭ ያለው ሁሉ ይወርዳል። እኔ ቆሜ አየሁ። 

ነፋሱ ሲያልፍ መሬቱ ነጭ ነበር። ጥቁሩ ዋልካ ላይ ሰሊጥ ተነጥፎ፣ የተሰነጠቀው አፈር እየዋጠው። ከዋልካ ሰሊጥ አይለቀምም።

የማኅበሩ ሰዎች በሦስተኛው ቀን መጥተው አዩ። ማንም አልሰደባትም፤ ቢሰድቧት በተሻለ። አንገታቸውን ነቅንቀው፣ «ይህ የቆላ ዘር አይደለም» ብለው ሄዱ። ቃለ ጉባዔው ተሻረ። ሰሎሞንም የኮኪቱ ሥራ መዘጋቱንና እሱ ወደ ሌላ ወረዳ መዛወሩን እያፈረ ነገረን። የዘሩ ችግር አይደለም ብሎ ሪፖርት መጻፉን ነገራት። የትናየት አመሰገነችው። ያው ደላላው ጋ ደወለች።

ከመስቀል በኋላ የጭነት መኪናው ሠራተኛ እየጫነ መውረድ ጀመረ። መንገዱ በሰው ሞላ። ደምለው የአገሩን ሰዎች ይዞ በኛ ማሳ በኩል ሲያልፍ ቆሙ። የረገፈው ዘር ለኋለኛው ዝናብ በቅሎ ማሳው አረንጓዴ ሆኗል፤ መስመር የለውም፣ ምንጣፍ ነው። አንዱ የማያውቅ ልጅ፣ «እናቴዋ፣ እንዴት ያማረ ቡቃያ ነው፣ መቼ ይታጨዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደምለው በክርኑ ጎሰመው። የአያ እንግዳውን ሰሊጥ በአምስት ቀን አጭደው ጨረሱ፤ አንድ ፍሬ አልረገፈም።

ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት የትናየት ያን የምትመዘግብበትን ደብተር አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ያቺኑ ያተረፍናትን የሁለት ሄክታር ሰሊጥ አበጥራለሁ።

«እማዬ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ፍልሰታ የገባ ዕለት» አልኩ።

«ሰዎቹ ሳይሄዱ?»

«ጓዛቸውን ሲጠቀልሉ።»

ደብተሩን አየች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዝም በይልኝ ብለሽ አስማልሽኝ።»

«እኔ'ኮ ሰው ፊት አታርሚኝ ነው ያልኩሽ» አለች ቀስ ብላ። «ቤት ውስጥ ማን ከለከለሽ?»

እዝጊኦ። ሰፌዱን አስቀመጥኩት። ብትጮህብኝ፣ ብታለቅስ ምን አለ? አልጮኸችም። እስክሪብቶዋን አወጣችና የኛን ሰሊጥ መዘሪያና ማጨጃ ጠየቀችኝ። በበዓል ነገርኳት፤ ሰኔ ሚካኤል፣ ፍልሰታ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል። እሷ በቀን ጻፈችው። መቶ አሥር ሆነ። ከዚያ ሠራተኛው ስንት ቀን ፈጅቶ ተሟልቶ እንደሚወርድ ጠየቀችኝ፤ መስቀል በዋለ በአምስተኛው ቀን ሸሕዲ ይሞላል አልኳት። ከዚያች ቀን ወደ ኋላ ሰማንያ ቆጠረች። እኔ በበዓል፣ እሷ በቀን፣ አንድ ላይ ስንቆጥር ያ የመጀመሪያችን ነው።

«ሐምሌ ሰባት» አለች።

«ሐምሌ ሥላሴ» አልኩ።

«ለሐምሌ ሥላሴ ብንዘራው ኖሮ ነው'ኮ፣ እማዬ። ሃያ አምስት ቀን ብናዘገየው።» ጻፈችው። ከሥሩ በመስመር አሰመረችበት። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ትኬቱ ተቆርጧል፤ ደላላው የተቀበለውን አይመልስም። ቅሪ አልኳት። አሁን ካወቅነው ቅሪ አልኳት። «ማን ማሳ ይሰጠኛል?» አለች። አባቷ የተወው መሬት አለ አልኳት። «ስልሳው አባወራስ ዳግም ያምነኛል?» አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ እኔ ነኝ ውሻዋ። ሸሕዲ ድረስ ሸኘኋት። ወደ ላይ የሚወጣው አውቶቡስ ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚወርድበት ወቅት ነው።

ዓመቱ ዞረ። ያችን የተረፈች ዘር በማድጋ አስቀምጬ ነበር። ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ሰው ሁሉ ዘራ፤ እኔ ጠበቅሁ። አያ እንግዳው፣ «ምነው ጥሩአየሁ፣ እጅሽ ታመመ?» አሉኝ። ዝም አልኳቸው፤ አሁንማ ዝምታ ለምጃለሁ። ለሐምሌ ሥላሴ ያን የመስክ ቀን ኮፍያ ደፍቼ፣ ጭቃው ውስጥ ገመድ ወጥሬ፣ እሷ ስታደርግ እንዳየሁት ዘራሁ። መስመሬ ጠማማ ነው። አንድ ሄክታር ብቻ ነው የቻልኩት። መስቀል በዋለ በአምስተኛው ቀን ቢጫ አለ። ደምለው አሥር ሰው ይዞ ወረደ፤ በአንድ ቀን አጭደው ሂላ አቆሙ። ሲራገፍ ከኛው ሰሊጥ እጥፍ ወጣው።

የትናየት የምትደውለው እመቤቷ ስትፈቅድላት ነው፣ በወር አንዴ ቢሆን። ያን ሰሞን ደወለች።

«ሰጠ» አልኳት።

ከወዲያ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። ዘጋችው። «በስንት ቀን?» አለች።

«በሰማንያ። ሐምሌ ሥላሴ ዘራሁት። አንድ ፍሬ መሬት አልወረደም።»

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ። «የአገዳውን ቁመት ለካሽው?» አለችኝ።

«በምን እለካዋለሁ ልጄ?»

«ሜትሩ'ኮ ከደብተሩ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነው። ከእያንዳንዱ መስመር አሥር አሥር እየመረጥሽ...» ድምፅዋ ተቀየረ፣ ያ መጋዘን ውስጥ ስታስረዳ የነበረው ድምፅ መጣ። እኔም ጆሮዬን ከስልኩ አጣበቅሁ። ከወዲያ የሴት ድምፅ በዐረብኛ ጮኸ። «እማዬ፣ ጠሩኝ» አለችና ዘጋች። ውሏ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።

አያ እንግዳው በር ላይ ከረጢት ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል፣ ዘር ልሰጣቸው። ከኋላቸው ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች አሉ። «የመስመሩ ርቀት ስንት ነው? ማዳበሪያውስ መቼ ነው የሚገባ? እሷን ጠየቅሻት?» አሉኝ አያ እንግዳው። የሚያውቀው ሰው ዕቃ እያጠበ ነው፣ አሁን ጠርተውታል አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ሦስቱም እንደኔ ማንበብ አይችሉም፣ ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልኝ። ዘሩን ሰፈርኩላቸው። ስለ መስመሩ የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው፤ ብዙ አላውቅም።